መሪ ሲታመም ለምን ይደበቃል? ጫጫ መንገድ ላይ የሰማሁት

የጫጫው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ትናንት ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁና የእናንተን ሐሳብ ልስማ።

ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በስልክ አንድ ቪዲዮ ደጋግመው ያያሉ። የአንድ አገር ያረጁ መሪ ከአውሮፕላን ደረጃ ሲወርዱ ነው። «እጁን እየው፣ ይንቀጠቀጣል» ይላል አንዱ። «ከጎኑ ያለው ሰው ደግፎት ነው እንጂ አይቆምም» ይላል ሌላው። «ባለፈው ሞቷል ተብሎ አልነበር? ይሄ የሚመስለው ሰው ነው!» ረዳቱም ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። አንደኛው «ይህን ወር አያልፍም፣ በምሳ እንወራረድ» ሲል ከኋላ ወንበር የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው «ልጆቼ፣ በሰው ሞት አይወራረዱም። መርዶም እኮ ሰዓት አለው» አሏቸው። ልጆቹ አፈሩ፣ ስልኩን አጠፉት።

ጫጫ ስንደርስ ዘንቢላቸውን ላውርድላቸው ብዬ ትንሽ አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «የምኒልክን ሞት ለእኛ ሰው ማን ነገረው? አባቴ ሲያወጋኝ፣ አያቴ ንጉሡ ካረፉ በኋላም እርሻው ላይ ሰው ሲጣላ 'ምኒልክ ይሙት!' እያለ ይምል ነበር።»

ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እምዬ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836። የተወለዱበት አገር ሰው በሞቱ ንጉሥ ነፍስ ይምል ነበር ማለት ነው።

ስለ ዐድዋ ሁላችንም እናወራለን፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው። በ1900 ሕመሙ ሲበረታባቸው ለጸበል ደብረ ሊባኖስ ወርደዋል። በግንቦት 1901 የሴት ልጃቸውን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ጥቅምት 1902 ላይ ከባዱ ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ድረስ፣ አራት ዓመት ከሁለት ወር ያህል፣ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው አገሩ በስማቸው ይታዘዝ ነበር። ሲያርፉም አስከሬናቸው እዚያው ግቢ ውስጥ በምስጢር ቆየ። አዋጅ አልተነገረም፣ በአደባባይ አልተለቀሰም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበሬው የሚደርሰው ወሬ ብቻ ነበር፦ አሉ፣ የሉም፣ ተሻላቸው፣ መርዘዋቸዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሕመምና ሞት መደበቅ ባህላችን ነው ይባላል። እውነት የእኛ ባህል ይህን ይፈቅዳል ወይ?

---

የመንዝ በርኖስ

ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኛም ሰፈር ባለፈው የአንዱን መሪ ሞት ሰምተን ሁለት ቀን ስናወራ ከርመን በሦስተኛው ቀን ሰውየው ንግግር ሲያደርጉ አየናቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው። ለእኛ ወሬ የሚያቀብሉን ሰዎች ግን ከማን እንደሰሙ ጠይቀናቸው አናውቅም።

---

መምህር ዘአንኮበር

ልጄ የጫጫው፣ ጥያቄህ ደግ ነው። ግን የዘመኑን ፍርሃት ሳንመዝን አንፍረድ። ታሪክ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኝ ነበር።

ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1899፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው ውል ተፈራረሙ። በላዩ ላይ «የኢትዮጵያ አንድነት ይጠበቅ» ይላል። ውስጡን ስታየው ግን እንግሊዝ የዓባይን ውኃ፣ ፈረንሳይ የጅቡቲውን ባቡር፣ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኩል የሚያገናኝ መሬት ለየራሳቸው አስበው ነው። ጎረቤትህ አንተ ሳትሞት እርስትህን በገመድ ሲለካ ብታይ ታመምኩ ብለህ ትናገራለህ?

ደግሞ ወራሹን አስብ። ይተካሉ ተብለው የሚታሰቡት ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ቀድመው አረፉ። ልጅ ኢያሱ ወራሽነቱ ሲታወጅ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነው። እቴጌ ጣይቱ በሽተኛውን እየጠበቁ ሹመት ሽረቱንም ያዙ፤ መኳንንቱ ተባብረው በመጋቢት 1902 ከሥልጣን አወረዷቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ደግሞ በሚያዝያ 1903 ሞቱ። ቤቱ ምሰሶ በምሰሶ እየወደቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ንጉሡ የሉም» ብሎ ማወጅ ጣሪያውን ራስህ ላይ መጣል ይመስላቸዋል።

አንድ የእኛን አገር የሚነካ ነገር ልጨምር። ልጅ ኢያሱ ንጉሡን ከግቢ አውጥቶ ወደዚህ ወደ አንኮበር ሊያመጣቸው አስቦ ነበር። የግቢው ጠባቂዎች አናስወጣም አሉ፣ ነገሩም እስከ መታኮስ ደረሰ። አንኮበር ላይ ቆሜ ወደ ቆላው ቁልቁል ባየሁ ቁጥር እሱን አስባለሁ። መናገር የማይችል ንጉሥ በቃሬዛ ወደ ልጅነት አገሩ ሊወጣ ነበር።

---

የጫጫው

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሦስቱን መንግሥታት ውል እኔ በዚህ በኩል አላሰብኩትም ነበር፤ ፍርሃታቸው የእውነት እንደነበር እቀበላለሁ።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ምስጢሩ የተደበቀው ከማን ነው? ፈረንጆቹ ለጋሲዮን (እንደ ኤምባሲ ያለ ጽሕፈት ቤት) ነበራቸው። ሐኪሞቻቸው ግቢ ይገቡ ነበር። «ንጉሡ እየተመረዙ ነው» ብሎ ያን ሁሉ ሁካታ ያስነሳው እኮ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የምኒልክ ምላስ መያዙን ሮምም ለንደንም ያውቁ ነበር። ያላወቀው ያ «ምኒልክ ይሙት» እያለ የሚምለው የአንጎለላ ገበሬ ነው። ከጠላት ያልተደበቀ ነገር ከባለቤቱ ለምን ይደበቃል?

---

ሲስተር ከደብረ ብርሃን

የጫጫው ወንድሜ፣ መምህርም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነርስ ነኝ። በሁለት ነገር ላይ ልናገር።

የመጀመሪያው ቪዲዮው ነው። እባካችሁ፣ ሰው በስልክ አይቶ በሽታ አያውጣ። እጅ የሚንቀጠቀጠው በፓርኪንሰን ሊሆን ይችላል፤ በእርጅና ብቻ ይሆናል፤ በታይሮይድ ይሆናል፤ ከሚወሰድ መድኃኒት ይሆናል፤ ባዶ ሆድ ቡና ጠጥቶ በመዋልም ይሆናል። እኛ በሽተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ደሙን ተመርምሮ፣ እየነገረን እንኳ የምንቸገርበት ቀን አለ።

ስለ እምዬ ሕመም ደግሞ። የግራው የአንጎል ክፍል ሲመታ የቀኝ ጎን ይሰንፋል፣ አንደበትም ይያዛል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አይሰማም» ብሎ አጠገቡ ቆሞ ያወራል። እኔ ይህን በየቀኑ አያለሁ፣ በየቀኑም እቆጣለሁ። ቃል ማውጣት ያቃተው ሰው ሁሉ መስማት አልተወም። ብዙዎቹ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ዓይናቸው ይከተልሃል፣ እንባቸው ይወርዳል። ይህን ክር ሳነብ የመጣብኝ ሐሳብ ይሄ ነው፦ እሳቸው በዚያ አራት ዓመት ውስጥ አልጋቸው ሥር ሲከራከሩ ምን ያህሉን ሰምተው ይሆን? ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መርዶ የምንደብቀው ለምንድን ነው? አባቴ ያረፈው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አጎቴ ስልክ ደውሎ «አባታችሁ ትንሽ አሞታል፣ ጠዋት ነይ» ብቻ አላት። ሌሊቱን ሰው ተላከ፣ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ እንዲቆይ ተነገረው፣ ሁለት ጎረቤቶቿ ከእሷ ጋር አብረው እንዲሳፈሩ ተደረገ። መርዶውን የሰማችው ሲነጋጋ ነው። በዚህ በኩል ደጋፊ፣ በዚያ በኩል ውኃ የያዘ ሰው ቆሞላት። ብቻዋን፣ በሌሊት፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማው ነው የደበቁላት። የተደበቀው ለእሷ ሲባል ነው፣ ለአንድ ሌሊት ነው፣ ነገሩን የሚደብቁትም ሊነግሯት እየተሰናዱ ነው። እማማ በሚኒባስ ውስጥ «ሰዓት አለው» ያሉት ይህን ይመስለኛል። ሲነጋ የማይነገር መርዶ መርዶ አይደለም።

---

ከሪያድ

ሲስተር፣ አስለቀስሽኝ። እኔ የምንጃር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የእናቴን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። አንዱ የአገሬ ልጅ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈበት። ቤተሰቦቼ «ብቻዋን ናት፣ ሰው እስክናገኝላት» ብለው ለሁለት ሳምንት ደብቀውኝ ነበር። አሰሪዬ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ እስክታነሳኝ እዚያው ወለሉ ላይ ነበርኩ። ቤተሰቦቼን አልፈርድባቸውም፣ ወድደውኝ ነው። ግን ሲዘገይ ወሬ ይቀድማል። በቤተሰብ እንዲህ ከሆነ በአገር ምን ሊሆን ነው?

---

የመንዝ በርኖስ

እህቴ ከሪያድ፣ እግዜር ያጥናሽ። ዘግይቶም ቢሆን።

---

ጅሩ

ሕግ ተማሪ ነኝ፣ ብዙ ለመናገር ልምድ የለኝም፤ ያነበብኩትን ላካፍል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 ስትሮክ ሲመታቸው ባለቤታቸው ኢዲትና ሐኪማቸው ደብቀው ያዙት። ወረቀቱ ሁሉ በባለቤታቸው እጅ አልፎ ነበር የሚገባው። በእቴጌ ጣይቱ ላይ ብቻ ጣት ለሚቀስሩ ሰዎች ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል። አሜሪካኖቹ ፕሬዚዳንት መሥራት ሲያቅተው ማን እንደሚተካው በግልጽ የጻፉት እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ቆይተው ነው።

ናይጄሪያን ተመልከቱ። ፕሬዚዳንት ያርአዱዋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ለሕክምና ሳዑዲ ሄዱ፣ ሥልጣናቸውን ግን ለምክትላቸው አላስረከቡም። አገሩ ከሁለት ወር በላይ ያለ አዛዥ ቆይቶ በየካቲት 2010 ምክር ቤቱ ራሱ ጉድላክ ጆናታንን ተጠባባቂ አደረገ። በግንቦት ሰውየው አረፉ። የካሜሩኑ ፖል ቢያ ደግሞ በ2024፣ 91 ዓመታቸው ላይ፣ ከቤጂንጉ ጉባኤ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይታዩ ቀሩ። የአገር ውስጥ ሚኒስትራቸው መገናኛ ብዙኃን ስለ ፕሬዚዳንቱ ጤና እንዳይወያዩ ከለከለ። ከዚያ ወሬው ቀነሰ ወይስ ባሰ? መመለሳቸውን ሰው ያመነው በዓይኑ ሲያያቸው ነው።

የእኛው የቅርብ ጊዜውም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዕድሜያቸው ገና 57 ነበር፣ ስለ እርጅና አይደለም። ግን በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2004 ሜክሲኮ ከነበረው ስብሰባ በኋላ አልታዩም። በሐምሌ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በራሳችን ከተማ ተደርጎ ሳይገኙ ሲቀሩ ወሬው ፈላ። እየተሻላቸው ነው፣ ይመለሳሉ ተባለ። ነሐሴ 15 ጠዋት ግን ማረፋቸው በቴሌቪዥን ተነገረ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ አረረ። ስለ ፖለቲካው ምንም የማይገባት ሴት «ለእኛ አይነግሩንም እኮ፣ ለእኛ አይነግሩንም» ትል ነበር። ያ ቃሏ ነው ሕግ ልማር ያሰኘኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 75 ላይ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክተው እንደሚሠሩ ይናገራል። ጥሩ ነው። ግን «የሉም» የሚለውን ለሕዝቡ የሚነግረው ማን ነው፣ በስንት ቀን? ለእኔ ዋናው ይሄ ነው።

---

ሲስተር ከደብረ ብርሃን

ጅሩ፣ ጎበዝ ልጅ። በሙያዬ ላይ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የበሽተኛ ምስጢር የበሽተኛው ነው፣ መሪም ቢሆን። የበሽታውን ስም፣ የሚውጠውን ኪኒን፣ የሽንቱን ውጤት ማንም ይወቀው አልልም። ሕዝብ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ሥራው ላይ አለ ወይስ የለም? ሹፌር ቢታመም ተሳፋሪው የሕመሙን ዓይነት አይጠይቅም፣ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ ግን ማወቅ አለበት። ሁለቱን ስለምንቀላቅል ነው አንዱ ወገን ሁሉንም የሚደብቀው፣ ሌላው ወገን ሁሉንም የሚያጋልጠው።

---

ተጉለት

እኔ በዚህ አልስማማም። መሪ ደከመ ከተባለ የተኛው ሁሉ ይነሳል። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ያለ ነገር አይደለም። ለሽማግሌ ክብር አለን፤ የሽማግሌ ድካም አደባባይ አይወጣም። የአባታችሁን መንቀጥቀጥ ቪዲዮ አንሥታችሁ ትለጥፋላችሁ?

---

መምህር ዘአንኮበር

ተጉለት፣ ስለ ሽማግሌ ክብር ያልከው እውነት ነው፣ ያን ቪዲዮ የሚያዞሩትን እኔም አልወድላቸውም። ግን ትናንት የጫጫው የጻፈውን ሳብላላው አደርኩ፣ እኔም ከአቋሜ ትንሽ ተናውጬአለሁ።

ምክንያቴ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ነሐሴ 1967 ላይ ሬዲዮው ንጉሡ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመጣ ችግር አረፉ አለን። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ያን ቃል አልተቀበሉም፤ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ችግር አልነበረም ብለዋል። አጽማቸው ከደርግ መውደቅ በኋላ ከግቢው መሬት ተቆፍሮ ወጣ። በወግ የተቀበሩት በጥቅምት 1993 ነው። እኔ መሬት የሚውጠውን ታሪክ 25 ዓመት ስጠብቅ ኖርኩ። እንደምታውቁት የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ዛሬ የሚጠራው በእኚሁ ሐኪም ስም ነው። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው «የበሽተኛዬ ሞት እንዲህ አልነበረም» ማለት ስንት ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

እና ልጄ የጫጫው፣ «ከማን ተደበቀ?» ላልከው መልስ አጣሁለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ያ ሁሉ መደባበቅ ጦርነቱን ካስቀረው እሺ ባልኩ ነበር። አላስቀረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከወራሽነት ተሻረ፤ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ገሰገሱ፤ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድ ጦር አለቀ፣ ራሳቸውም ወደቁ፤ ጥቅምት 17 የሰገሌ ጦርነት ሆነ። የሸዋም የወሎም ገበሬ በእኛው ሜዳ ላይ ተላለቀ። ሁለቱም ወገን የአንድ ንጉሥ አሽከሮች ነበሩ፤ ለዚያ ንጉሥ ግን አብረው አላለቀሱም።

---

ጅሩ

መምህር፣ ይህን አንብቤ ለደቂቃ ዝም አልኩ።

---

የጫጫው

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አመሰግናለሁ። ተጉለት፣ በቪዲዮው ነገር ካንተ ጋር ነኝ፤ የሽማግሌን እጅ አጉልቶ ማሳየት ነውር ነው። የማልስማማው ያ ነውር የመጣው ከመደበቁ አይደለም በሚለው ነው። የሚነግራቸው ቢያገኙ እነዚያ ልጆች እጅ እጁን ባላዩ።

ዛሬ ገበያ ወጥቼ እማማን አገኘኋቸው፤ ሽንኩርት እየሸጡ ነበር። ስለ ሰገሌ ጠየቅኳቸው። የአያታቸው ታናሽ ወንድም ዘምቶ ነበር። ክረምት ከወጣ በኋላ ነበርና የሄደው፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ «ለአጨዳው እደርሳለሁ» ብሎ ነው የወጣው። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ እሱ አልመጣም። እናቱ ለራት የሱን እንጀራ ለይታ መሶብ ውስጥ ማስቀመጥ አልተወችም። አብረውት ከዘመቱት አንዱ ክንዱ ተሰብሮ ተመልሶ ነበር፣ ግን የሚያረዳ አንደበት አጥቶ ዙሪያውን እየሄደ ቤታቸውን ይሸሽ ነበር። ኋላ ሽማግሎች ያዙት፣ ሲነጋጋ ይዘውት መጡ።

«ታዲያ ያን ጠዋት» አሉኝ እማማ፣ «ያ ሰውዬ የልጁን መርዶ ነግሮ ሲያበቃ የንጉሡንም ነገራቸው አሉ። 'ጌታችንም እኮ ካረፉ ቆይተዋል' አላቸው። ቤቱ አንዴ ሆኖ ለሁለቱም አለቀሰ። ቅድመ አያቴ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ የማንን ስም እንደምትጠራ አይለይም ነበር ይለኝ ነበር አባቴ።»

ሽንኩርት አንድ ኪሎ ገዛኋቸው። ልሄድ ስል «ና እስቲ፣ ያ የነዚያ ልጆች ስልክ ላይ የነበረው ሰውዬ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«በሕይወት አሉ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ልጆች አሉት?»

«አሏቸው።»

«እንግዲያው እግዜር ይማረው» ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።